የእናቴ የትውልድ ዘመን

ባለፈው ሰሞን ለጡረታ ጉዳይ የሚሞላ ቅጽ ተሰጠኝና መነጽሬን አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ አድራሻ እያልሁ በሰላም ወርጄ «የእናት የትውልድ ዘመን» የሚል መስመር ላይ ስደርስ እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። አጠገቤ የነበረችው ልጄ «እማዬ፣ ረሳሽው እንዴ?» አለችኝ። አልረሳሁትም። በዓለም ላይ የማልረሳው አንድ ቁጥር ቢኖር እሱ ነው፤ በአሥር ዓመቴ በገዛ እጄ አሳስቼ ጽፌዋለሁና።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ሐበሻ መንገድ በሚሉት ጠባብ ጎዳና፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ካለበት ግቢ ጥግ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር። ግንቡ ረጅም ስለሆነ መንገደኛው እኛን አያየንም፣ እኛም ከመንገደኛው የምናየው ባርኔጣውን ብቻ ነው። የቤታችን ሽታ የላምባ ምድጃ፣ የልብስ ሳሙናና የብርቱካን ልጣጭ ነበር። ልጣጩን ምድጃው ላይ አድርቀን ክፍሉ እስኪያውድ እናቃጥለው ነበር። በበጋ ሚሽሚሽ ከሚሉት እንደ ኮክ ካለ ፍራፍሬ ውስጥ የሚወጣውን ደረቅ ፍሬ እየሰበሰብን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጉድጓድ ውስጥ እንወረውራለን፤ በክረምት ደግሞ ደረጃው ላይ ተኮልኩለን ቅልልቦሽ እንጫወታለን። ለአራት ልጆችና ለሁለት ወላጆች ሁለት ክፍል ትንሽ ነው፤ ያኔ ግን ትንሽ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም።

እናቴ ጥሩወርቅ ነቢያት መንገድ ላይ ባለ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ገና ሳይነጋ ወጥታ ቀትር ላይ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የኛ ነው። እርምጃዋ ከግቢው በር ጀምሮ ይሰማል። እየሠራች ታወራለች፣ እያወራች ትቆጣለች፣ እየተቆጣች ታጎርሳለች። አባቴ ደግሞ መሪጌታ ነበር። ማኅሌቱን ይመራል፣ ለዲያቆናቱ ዜማ ያስተምራል፣ ባሕረ ሐሳብ ቆጥሮ የዓመቱን ጾምና በዓል ያወጣል። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከመጻፉ በፊት እርሳሱን ይቀርጻል፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ነጠላውን አጣፍቶ፣ አልጥምህ ብሎት እንደገና ያጣፋዋል። እናቴ ሥራ በማትገባበት ቀን በጠዋቱ በር ላይ ቆማ «መሪጌታ፣ ኧረ እባክዎ ይፍጠኑ፣ ጀንበሯ ጠለቀች እኮ» ትለዋለች። አንቱታውን ሳትረሳ ነበር የምትቆጣው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት አንድ ቤት ውስጥ እንደኖሩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አንዱ ሲግል ሌላው ይበርዳል። አንድ ቀን በሚሽሚሽ ፍሬ የመብራቱን ብርጭቆ ሰበርሁና እናቴ ጫማዋን አውልቃ ስትመጣ፣ አባቴ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ «ላቀች፣ እስቲ ሮጥ ብለሽ ከዕቃ ቤቱ መጽሐፌን አምጪልኝ» አለኝ። መጽሐፉ ጭኑ ላይ ነበር። ግቢውን ዞሬ ስመለስ እናቴ ስብርባሪውን ጠርጋ ሌላ ሰው ላይ እየጮኸች ነበር። የአባቴ ቁጣ ደግሞ ዝምታ ነው፤ ሲከፋው ሁለት ሦስት ቀን አይናገርም። ያኔ እናቴ የድስት ክዳን እየጣለች፣ ወንበር እየጎተተች፣ እየዘፈነች፣ በመጨረሻ «አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል?» እስኪላት ድረስ ቤቱን ታናውጠዋለች። ከተናገረ አለቀ፣ ተሸነፈ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲቆጡ አይቼ አላውቅም፤ የሁሉም ሰው ቤት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከተማችን ያኔ ለሁለት ተከፍላ ነበር። በመካከሏ ግንብና እሾሃማ ሽቦ ያልፋል፤ እኛ በእስራኤል በኩል ስንሆን አሮጌው ከተማና የዴር ሡልጣን ገዳማችን በዮርዳኖስ በኩል ቀርተዋል። የእናቴ እናት እማሆይ ከጎንደር ለመሳለም መጥተው እዚያው መንኩሰው ስለነበር፣ ከተማዋን የከፈለው ጦርነት ሲያበቃ እናትና ልጅ በሽቦው ግራና ቀኝ ሆነው ተገኙ። በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ማቋረጥ የሚቻለው ግን በዓመት አንዴ፣ ለገና፣ ማንደልባውም በር በሚሉት መተላለፊያ፣ ያውም ፈቃድ ለተሰጠው ብቻ ነው። እናቴ አራት ዓመት ሙሉ አልቀናትም ነበር። አንዱን ዓመት የመውለጃዋ ወር ገጠማት፣ አንዱን ዓመት ወንድሜ ኩፍኝ ወጣበት፣ ሌላውን ዓመት ማመልከቻው ዘግይቶ ቀረ፣ አንዱን ደግሞ ራሷ ታመመች።

በዚያ ዓመት፣ በነቢያት ጾም መግቢያ፣ በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወዲያና ወዲህ እንዲመላለስ የተፈቀደለት አንድ መነኩሴ ቤታችን መጣ። ሻይ ቀረበለትና ሳይጠጣ «እማሆይ እግራቸው አብጧል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከመደብ አይነሱም። ጥሩ ትምጣልኝ ብለዋል» አለ። እናቴ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም። የመጨረሻዋን ቀሚስ ካስቀመጠች በኋላ ወደ አባቴ ዞራ «ዘንድሮ ሳልሄድ ብቀር በቁሟ አላገኛትም» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ፈራሁ።

ቅጹ የመጣው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ቅጽ ለአንድ ቤተሰብ። አባቴ እንደ ልማዱ ተቀብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው፤ በተረጋጋ ቀን ልሙላው አለ። በኛ ቤት የተረጋጋ ቀን የለም። እናቴ በየማታው ትጠይቀዋለች፣ እሱ በየማታው «አይቸኮልም፣ ስም ነው፣ ዘመን ነው» ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ቀን ደረሰ፤ ቢሮው፣ ሚስራድ የምንለው፣ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ነው። እናቴ ከሥራ ገብታ ቅጹ ባዶውን መሆኑን ስታይ የጮኸችው ጩኸት ግቢውን ሞላው።

ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ የምማረው እኔ ስለሆንሁ ብዕሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። አባቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ችግሩ ዘመኑ ላይ ነው፤ እኛ የምናውቀው በአገራችን አቆጣጠር ነው፣ ቅጹ የሚፈልገው ደግሞ በፈረንጅ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ለተወለደ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ ስምንት ይደመራል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ መጀመሪያ የእኛን ዘመን ይጠራል፣ ከዚያ ይደምራል፣ ከዚያ «ጻፊ» ይለኛል። የራሱን ጻፍሁ። እናቴ ይህን ስታይ «እርስዎ ደግሞ ለምን ይጻፋሉ? የበዓሉን ማኅሌት ጥለው አይሄዱ» አለችው። «ይኑር፣ አይጎዳም» አላት። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ ፀሐይ ወጥታም ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር። የእኔንም ጻፍሁ።

የእናቴን ዘመን ጀመረ። የእኛን ቁጥር ጠራና ሊደምር አፉን ሲከፍት ሽሮው ገነፈለ። እናቴ ጮኸች፣ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ በኳስ ተያይዘው አልጋው ሥር ገቡ። አባቴ ተነስቶ ድስቱን በነጠላው ጫፍ አወረደ። እኔ ደግሞ በዚያች መሐል፣ ሳልጠብቀው፣ የጠራውን ቁጥር እንዳለ ጽፌው ነበር። ቀና ብዬ ሳየው እናቴ ከአባቴ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። እንደማትበልጠው አውቃለሁ።

አባቴ ጣቱን እያራገበ ተመልሶ «የት ደረስን? የእናትሽን ጻፍሽው?» አለኝ።

«አዎ» አልሁ።

አንድ አፍታ አየኝ። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

የጻፍሁት በቀለም ነው፤ አይጠፋም። ቅጹ አንድ ነው፣ ሌላ የለም። ብናገር እናቴ የምትሆነውን አሰብሁ፣ እጄ ላይ ያለው ብዕርም ከበደኝ። እናቴ ሕፃኑን ታጥቃ ነጠላውን ከግድግዳው ላይ እያወረደች «መሪጌታ፣ በቃ፣ ይሂዱልኝ፣ ሊዘጉ ነው» ትላለች። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አባቴ ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ያነበው ነበር። ያን ቀን ግን አጣድፋው ስለነበር ወረቀቱን ሳያይ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ፈቃዱ መጣ። ሁለት ወረቀት ነው፣ አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የአባቴ፣ እኔ በሁለቱም ላይ አለሁ። እናቴ ሳመችው። አባቴ ስሞቹን አንድ በአንድ መርምሮ «መልካም ነው» አለ፤ ቁጥሩን በዕብራይስጡ ፊደል መሐል አላየውም። እኔ አየሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልሁ። በዚያ ሰሞን እናቴ ለእማሆይ የሱፍ ካልሲ ስትሠራ ታዜም ነበር፤ እንዲያ ስታዜም ሰምቻት አላውቅም። ማን ያያል፣ ማን ይቆጥራል ብዬ ራሴን አባበልሁ። ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ስበላ፣ ስጫወት ያ ቁጥር ከፊቴ አይጠፋም፤ ጸሎት ላይ ቆሜም እመቤቴን የምለምናት ወታደሩ መቁጠር እንዳይችል ነበር።

በገና ዋዜማ ጠዋት፣ ጾመ ገሃድ ስለሆነ ሳንቀምስ፣ ሦስታችን ወደ በሩ ሄድን። አባቴ ዕቃውን ተሸክሞ ሊሸኘን ነው። ካልሲው፣ ሁለት ሳሙና፣ ትንሽ ጠርሙስ የወይራ ዘይትና የጥፍር መቁረጫ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ትንንሾቹን ጎረቤት አስቀምጠናቸዋል። ማለፍ የሚቻለው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ እኛ በአራት ሰዓት ደረስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ እናቴ በየደቂቃው ከሰልፉ ወጥታ ወደፊት እያየች ትመለሳለች። አባቴ «ይደርሳል» ይላታል።

ደረሰ። ሹሙ ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይመስልም። የእናቴን ፈቃድ ከመታወቂያዋ ጋር፣ ተዑዳት ዜሁት ከምንለው ጋር፣ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጣቱ አንዱ ላይ ሄደ፣ ሌላው ላይ ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። የእናቴ ዕብራይስጥ የልብስ ማጠቢያ ቤት ዕብራይስጥ ስለነበር ወደኔ ዞሮ ተናገረ።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«በመታወቂያው ላይ ያለውና በፈቃዱ ላይ ያለው ዘመን አይገጥምም፣ ስምንት ዓመት ይለያያል ይላል። የሌላ ሰው ወረቀት ነው ይላል።»

ሹሙ ስልክ ደወለ፣ ብዙ ጠበቀ፣ አወራ፣ ስልኩን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። አዲስ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። በሦስት ቀን በዓሉ ያልፋል፣ በሩም ይዘጋል። ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ይቆጥራል። ለግቢው ሁሉ፣ ለመነኮሳቱም ለጳጳሱም ዘመን የሚቆጥረው እሱ ነው። ከዚያ ያ ነጠላው ቆሻሻ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ ሰው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ወዲያው ተነሳና ሹሙ ላይ ጮኸ። አባቴ ድምፁን የሚያወጣው ለዜማ ብቻ ነው፤ ያን ቀን የወጣውን ድምፅ አላወቅሁትም። በአማርኛ፣ በግዕዝ፣ ባለችው ጥቂት ዕብራይስጥ «የኔ ጥፋት ነው፣ በሷ ላይ አይደረግም፣ እኔን እሰሩኝ» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። ወታደሮች ቀረቡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን ጩኸት ጠበቅሁ። ሁለቱ ባንድ ቀን ሊቆጡ ነው፣ ቤታችን ዛሬ አለቀለት ብዬ አሰብሁ።

እናቴ አልጮኸችም። ሄዳ ክንዱን ያዘችው። «መሪጌታ፣ ይተዉ። ያጣደፍኩዎ እኔ ነኝ። ይተዉ» አለችው፤ እንደ ሕፃን ነው ያናገረችው። እስኪበርድለት ይዛው ቆየች። ከዚያ ለኔ «የአባትሽ ፈቃድ እንዴት ነው በይው» አለችኝ።

ጠየቅሁት። ሹሙ አየው። የአባቴ ልክ ነው፣ እኔም በሱ ላይ ተጽፌያለሁ። እናቴ ስትስቅበት የነበረው «ይኑር፣ አይጎዳም» የተባለው ወረቀት ነው።

«እርስዎ ይሄዳሉ» አለችው።

«ማኅሌቱስ?»

«ለግቢው አለቃ እኔ እነግራቸዋለሁ። ቢቆጡም እኔን ይቆጡኝ።»

«ሄጄ ምን ላደርግላቸው? አማቻቸው ነኝ። ቀና ብዬ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው የሚፈልጉት አንቺን ነው።»

አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ገፍትራ ነበር የምታስገባው። ያን ቀን ግን ዕቃውን ከእጁ ተቀብላ መንገዱ ጠርዝ ላይ ፈታችውና አንድ በአንድ እያነሳች፣ ቃል በቃል፣ ጊዜ ሳይገዳት ነገረችው። ውኃው ለብ ይበል እንጂ አይሙቅ፤ ቆዳዋ ስስ ነው። ጥፍሯን ከመቁረጥዎ በፊት ውኃ ውስጥ ያቆዩት። ዘይቱን ተረከዟ ላይ ይበልጥ ይቀቧት። ካልሲውን ሲያጠልቁ እብጠቱ ላይ አይሳቡት። አባቴም የቆሎ ተማሪ ለመምህሩ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዱን ከኋላዋ እየደገመ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ያዘው። እኔ ከጎናቸው ቆሜ እናገራለሁ እያልሁ የጨርቁን ጫፍ ያዝሁላቸው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አለፍን። ዞር ስል እናቴ ከሽቦው ማዶ ባዶ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆማለች።

በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ባዶ መንገድ አባቴ እንዴት እንደሄደው አልረሳውም። ሁልጊዜ እኛ ነን የምንጠብቀው፤ ያን ቀን እኔ እየሮጥሁ እንኳ አልደርስበትም ነበር። በዮርዳኖስ በኩል ወረቀታችን ታየ፣ የደማስቆን በር አልፈን በገበያው መሐል ወጣን፣ ደረጃውን ወጥተን ገዳሙ ሰገነት ላይ ደረስን። የእማሆይ ክፍል ዝቅ ያለች በር ያላት የጭቃ ቤት ነች።

እማሆይ ከመደቡ ላይ ሆነው «ጥሩ? ጥሩ፣ መጣሽልኝ?» አሉ። ገብቼ ፊቴን አስዳሰስኋቸው። ዳስሰው «ላቀችዬ ነሽ። እናትሽ የታለች?» አሉኝ። አባቴ እንደ ሥርዓቱ አንገቱን ደፍቶ ከደጃፉ ቆሞ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና «እማሆይ፣ በሩ ድረስ መጥታ ነበር። ዘመኗን የቆጠርሁት እኔ ነኝ፣ አሳስቼ አስቀረኋት» አላቸው። ሌላ ሰበብ አልጨመረም። እማሆይ «ደህና ናት?» ብቻ አሉ።

አባቴ ነጠላውን አውልቆ ሰቀለ። በቤታችን ውኃ ሲያሞቅ አይቼው የማላውቀው ሰው ምድጃውን ለኩሶ፣ ውኃውን በክርኑ ለክቶ፣ መታጠቢያውን ይዞ መደቡ ሥር ተንበረከከ። እማሆይ እግራቸውን ሰበሰቡ። «ኧረ መሪጌታ፣ ይተዉ። ነውር ነው፤ ልጅቷ ታጥበኝ።»

«እኔ አይደለሁም እማሆይ» አላቸው። «ጥሩ ናት። እጄን ነው ያዋስኋት። ዛሬ እጄ የሷ ነው።»

እማሆይ እግራቸውን ዘረጉለት።

እናቴ ብትሆን ያን ሥራ እያወራች፣ እየተቆጣች፣ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር። አባቴ ምሽት እስኪቃረብ ፈጀበት። አንዱን ጥፍር ቆርጦ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል። «ለብ ይበል፣ ተረከዙ ላይ ይበልጥ» እያለ በሹክሹክታ ትምህርቱን ይደግማል። እማሆይ በመሐሉ «ቁጣዋስ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። «አለ እማሆይ።» «ይታገሡልኝ። ከልጅነቷም እንዲሁ ናት» አሉት፤ አባቴም «እሷ ናት እኔን የምትታገሠኝ» አለ። ካልሲውን ሲያጠልቅላቸው እንባው ወርዶ ሱፉ ላይ ጠፋ። እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ ይህ ሁሉ የኔ ሥራ ነው እያልሁ፣ ብናገር ሁለቱም እንዳይጠሉኝ ፈራሁ።

በማግሥቱ ስንመለስ እናቴ በሩ ላይ ነበረች። መንገድ ላይ ምንም አልጠየቀችም። ቤት ገብተን፣ ልጆቹን አብልታ፣ ሕፃኑን አስተኝታ ስታበቃ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። የእናቴን እጆች ሥራ ፈትተው ያየሁት ያኔ ነው። አባቴ መንገር ጀመረ። ታውቁታላችሁ፣ ከበሩ ነው የጀመረው፤ ስንት ወታደር እንደነበረ፣ ገበያው እንዴት እንደነበረ፣ ደረጃው። አንዴም «ይፍጠኑ» አላለችውም። እግራቸው ጋ ሲደርስ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው ነገራት። ሲጨርስ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው፤ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ጀመረ።

እማሆይ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ዐረፉ። ያው መነኩሴ መጥቶ ነገረን። ያን ቀን አባቴ ሽሮ ሠርቶ አሳረረው፤ አራታችንም በላነው፤ እናቴም በላች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያ ቤት ስለ ብዙ ነገር ተጨቃጨቁ፤ ስለዚያ ቅጽ ግን እናቴ አባቴን አንድም ቀን አልወቀሰችውም። እኔ ስትወቅሰው እጠብቅ ነበር። ብትወቅሰው እናገራለሁ እያልሁ፣ ሳትወቅሰው ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። ጦርነት መጣ፣ ሽቦው ተነሳ፣ ሁለቱ ተያይዘው በእግራቸው ወደ እማሆይ መቃብር ሄዱ። እናቴ ስትቀድም፣ አባቴ ከኋላ «ቀስ በይ» ሲላት ከመስኮት አየኋቸው።

የተናገርሁት የመጀመሪያ ልጄን በወለድሁ በአራስነቴ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሆኖት ነበር፤ እናቴ ልጁን አቅፋ በክፍሉ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ፊቴን ከሷ አዙሬ ጀመርሁት። ቁጥሩን ያልደመርሁት እኔ ነኝ አልኋት። አይቼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አይቼ ዝም አልሁ አልኋት።

እርምጃዋ አልቆመም። «አውቃለሁ» አለች። «አባትሽ ከበዓሉ በተመለሳችሁበት ማታ ነግሮኛል። ቅጹ ላይ ብዕርሽ ሲቆም አይቶሽ ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ ስትተረጉሚ ፊትሽን አይቶ ገባው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እኔማ እንንገራት፣ ይውጣላት ብዬው ነበር። እሱ ደግሞ ልጅ ናት ትረሳዋለች፣ እኛ ካላነሳነው ይጠፋል አለ። የኔ ሆኖ ይቅር፣ ዘመን ቆጣሪው እኔ ነኝ አለ። ተከራከርሁት፣ ብዙ ተከራከርሁት። አሸነፈኝ።» ልጄን ወደ ትከሻዋ አወጣችው። «አሁን ሳይሽ ግን ልክ የነበርሁት እኔ ነኝ።»

ዛሬ ልጄና ባሏ የቤቱን ሥራ በወረቀት ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈዋል፤ ዕቃ የሚያጥበው ማን፣ ልጆቹን የሚያመጣው ማን፣ ሁሉም በቀኑ ተለይቷል። ደስ ይለኛል፣ እናቴ ብታየው በስንቱ ታርፍ ነበር እላለሁ። የእኔ እናትና አባት ግን እንዲህ ተቀምጠው የተከፋፈሉት ሥራ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ተካፍለዋል፤ እሱም የኔ ነበር። አባቴ ጥፋቱን ወሰደ፣ እናቴ ዝምታውን ወሰደች፣ እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ አሥራ አራት ዓመት ለብቻዬ አለቀስሁ።